መመዘኛውም ይመዘን፦ «ብቃት ወይስ ተዋጽኦ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት» በሚለው አባባል የሚጀምረውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ ቁጣውም ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ወንበር በዘመድ አዝማድ ሲያዝ ያየ ሰው «ችሎታ ብቻ!» ብሎ ቢጮህ አይፈረድበትም።

የጸሐፊው ሙግት ባጭሩ ይህ ነው። የመንግሥት ሥራ፣ ሹመትና የከፍተኛ ትምህርት ዕድል በብቃት ብቻ መሰጠት አለበት። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች ወይም ወደ ኋላ ለቀሩ ማኅበረሰቦች ተብሎ የሚደረግ የተዋጽኦ እርምጃ ሁሉ ጥራትን ይጎዳል፣ የተጠቃሚውን ክብር ይነካል፣ ጥቅሙም የየቡድኑ ልሂቃን ሲሳይ ይሆናል። ዓለም ይህን ተረድቶ እየተወው ስለሆነ እኛም ስም በማያይ ፈተና መተካት አለብን ይላሉ። ከእነዚህ ነጥቦች በአንዱ ከሞላ ጎደል እስማማለሁ፣ በሌላው በከፊል። የቀሩትን ግን ታሪኩም ጥናቱም የሚደግፋቸው አይመስለኝም።

ስለ አባባሉ አንድ ነገር ልበልና ወደ ነጥቦቹ ልግባ። አባባሉ ምረጡ ይላል እንጂ ከየትኛው ደን እንደሚቆረጥ አይናገርም። መንገድ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ያልራቀ ሰውም «መርጬ አመጣሁ» ማለት ይችላል። ከጸሐፊው ጋር የማልግባባው እዚህ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ነጥባቸው ታሪካዊ ነው። ውድድር ድሮ ንጹሕ ነበር፣ ተዋጽኦ ኋላ ላይ ፖለቲከኞች ያመጡት ነው ይላሉ፤ ለዚህም የቻይናን የጥንት የሹመት ፈተናና የብሪታንያን ሲቪል ሰርቪስ በምሳሌነት ያነሳሉ። ምሳሌዎቹ ድንቅ ናቸው። የጎደላቸው መጨረሻቸው ነው።

የቻይናው ፈተና በ1905 እስኪቀር ድረስ 1,300 ዓመት ያህል ቆይቷል። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተፈታኙ ስም ከመሸፈኑም በላይ ፈታኙ የእጅ ጽሕፈቱን እንዳይለይ መልሱን ሌላ ጸሐፊ ገልብጦ ነበር የሚያቀርበው። ስም የማያይ ፈተና ከዚህ በላይ ምን ይሁን? በ1397 በሚንግ ሥርወ መንግሥት በተሰጠው ፈተና ግን ያለፉት በሙሉ የደቡብ ሰዎች ሆኑ። የሰሜን ተፈታኞች ጮኹ። ንጉሠ ነገሥቱ ሆንግዉ ወረቀቶቹ እንደገና እንዲታዩ አዘዘ፤ የመረመሩት ሰዎችም እርማቱ ትክክል ነው ብለው መለሱ። ንጉሡ አላመነም። ባለሥልጣናትን በሞት ቀጥቶ ሁለተኛ ፈተና አስፈተነ፤ በዚህኛው ያለፉት ደግሞ ሁሉም ሰሜኖች ነበሩ።

የንጉሡ ጭካኔ አረመኔያዊ ነበር፤ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መርማሪዎቹ ምናልባት ልክ ነበሩ። በዘመኑ መጻሕፍት፣ ማተሚያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ሀብት የተከማቹት በደቡብ፣ በተለይ በያንግትዜ ወንዝ ታችኛው ሸለቆ ነበር፤ ሰሜኑ ደግሞ በተደጋጋሚ ጦርነት ደቅቆ ነበር። ፈተናው የለካው የሰውየውን አእምሮ ብቻ ሳይሆን ያደገበትን አካባቢ የመጻሕፍት ብዛትም ጭምር ነው። የሚንግ መንግሥት ይህን ስለተረዳ በ1420ዎቹ ከሚያልፉት 60 በመቶው ከደቡብ፣ 40 በመቶው ከሰሜን እንዲሆን ደነገገ። ቀጥሎ የመጣው የቺንግ ሥርወ መንግሥት በ1712 ኮታውን ወደ ክፍለ ሀገር አወረደው። እንግዲህ የዓለምን ትልቁን የብቃት ፈተና ያቆመው መንግሥት ራሱ ተዋጽኦን ለአምስት ክፍለ ዘመን ያህል ከፈተናው ጋር አብሮ ይዞት ኖሯል። ማንም የዘመኑ ፖለቲከኛ አላስገደደውም።

የብሪታንያው ምሳሌ ደግሞ ለጸሐፊው የባሰ ነው። ሕንድን ለሚያስተዳድረው ሲቪል ሰርቪስ ሰው በትውውቅ መሾሙ ቀርቶ በግልጽ ውድድር እንዲሆን በ1853 በሕግ ተወሰነ፤ የመጀመሪያው ፈተናም በ1855 ተሰጠ። በወረቀት ላይ ዘር የማይለይ ውድድር ነበር። መፈተኛው ቦታ ግን ለንደን ብቻ ነው። ለላቲንና ለግሪክ የተመደበው ነጥብ ለሳንስክሪትና ለዓረብኛ ከተመደበው እጥፍ ነበር። ከካልካታ የሚነሳ ወጣት ማለፉን ሳያውቅ የመርከብና የኑሮ ወጪ ችሎ ባሕር መሻገር ነበረበት። የመጀመሪያው ሕንዳዊ፣ ሳትየንድራናት ታጎር፣ ያለፈው በ1863 ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ የዕድሜ ጣሪያው ከ21 ወደ 19 ዝቅ ተደረገ፤ በባዕድ ቋንቋ ተምሮ ባሕር ተሻግሮ ለሚፈተን ልጅ ሁለት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሕንዳውያን ፈተናው በሁለቱም አገር ይሰጥ ብለው ለአሥርት ዓመታት ወተወቱ፤ ሕንድ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ1922 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ፈታኝ ነጥብ መስረቅ አላስፈለገውም። ቦታው፣ ዕድሜውና የትምህርቶቹ ነጥብ ሥራውን ጨርሰውለት ነበር።

ለዚህ ነው «በብቃት ብቻ» የሚለው መልስ ሆኖ የማይታየኝ። ብቃትን የሚለካው መሣሪያ የሰው ሥራ ነው። ማን ሠራው፣ የት ይሰጣል፣ ምን ይጠይቃል ብሎ መጠየቅ ብቃትን መጥላት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ከማለፌ በፊት አንድ ነገር መለየት ግድ ይላል፤ ጸሐፊው አራምባና ቆቦ የሆኑ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርተዋቸዋልና። አንዱ ተወዳዳሪ ፍለጋን ማስፋት ነው፤ የሥራ ማስታወቂያው ቀድሞ ወደማይደርስበት እንዲደርስ፣ ማየት የተሳነው ተፈታኝ በሚችለው መንገድ እንዲፈተን ማድረግ። እዚህ ላይ ማንም ከማንም አይቀማም። ሁለተኛው፣ ውጤታቸው እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ተወዳዳሪዎች መካከል ቅድሚያ መስጠት ነው። በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተዋጽኦአቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ ሲሰጥ ያስቀመጠው ገደብ ይኸው ነበር፦ እኩል ወይም የተቀራረበ ውጤት። ሦስተኛው ወንበር መለየት ነው፣ ኮታ የምንለው። በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ በሦስተኛው ላይ የተሰነዘረው ትችት ሁሉ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ይዞ ይወርዳል። ኮታን የሚጠላ ሰው የማስታወቂያ ሰሌዳውን ለምን እንደሚነቅል አይገባኝም።

አሁን ወደ ጥራት። ጸሐፊው በኮታ የሰለጠነ አብራሪ በሚያበረው አውሮፕላን ትሳፈራላችሁ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አልሳፈርም፤ ማንም አይሳፈርም። ግን ይህን ማን አቀረበ? የበረራ ፈቃድ የማለፊያ ነጥብ አለው፤ ያላለፈ አያበርም። ትክክለኛው ጥያቄ የማለፊያውን ነጥብ ካለፉ ብዙ ሰዎች መካከል ጥቂት ቦታ ሲኖር ማን ይግባ የሚለው ነው። ይህን በተግባር የሞከረ አገር አለ፤ ጉዳዩን ሰፋ አድርጌ ላቅርበው።

በሰሜን አየርላንድ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል ለ30 ዓመት ያህል ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1998 የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የፖሊስ ኃይሉ ግን አንድ ችግር ነበረበት፦ ከሕዝቡ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ካቶሊክ ሆኖ ሳለ ከፖሊሶቹ ካቶሊክ የነበሩት 8 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ማዳላት ነበር፤ ካቶሊክ ፖሊስ በታጣቂዎች ዒላማ መሆኑም፣ በገዛ ጎረቤቱ እንደ ከሃዲ መታየቱም ነበር። ዞሮ ዞሮ ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሕዝብ ፖሊስን «የእነሱ» ብሎ የሚጠራበት ከተማ ውስጥ፣ ምርጥ ነጥብ ያመጣ መርማሪም ምስክር አያገኝም። በክሪስ ፓተን የተመራው ኮሚሽን በ1999 ባቀረበው ሪፖርት መነሻነት በ2000 ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት ሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናል፤ ያለፉት በአንድ ቋት ይገባሉ፤ ከቋቱ ግማሹ ከካቶሊክ፣ ግማሹ ከሌላው ይቀጠራል። ድንጋጌው ጊዜያዊ ነበር፤ በየሦስት ዓመቱ ካልታደሰ ይወድቃል።

በ2011 ሲቆም የካቶሊኮቹ ድርሻ 30 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። የማለፊያ ነጥቡን ሳያሟላ የገባ የለም።

ዋጋ አልተከፈለበትም አልልም፤ ተከፍሏል። ፈተናውን አልፈው ፕሮቴስታንት በመሆናቸው ብቻ የቀሩ ወጣቶች ነበሩ፤ ፍርድ ቤት ሄዶ የተሸነፈም አለ። የዚያን ልጅ ቅሬታ አላጣጥለውም፤ ተዋጽኦን የምንደግፍ ሰዎች እንዲህ ያለውን ተጎጂ እንደሌለ አድርገን ማለፍ ልማዳችን ነውና ጸሐፊው በዚህ ቢወቅሱን እውነት አላቸው። የእኔ ሙግት ይህ ነው፦ ለፖሊስ ሥራ ብቃት ማለት ምንድን ነው? ሕግ ማወቅ፣ መሮጥ፣ ሪፖርት መጻፍ ብቻ ከሆነ የፈተናው ውጤት ይበቃል። የሰፈሩ ሰው በሩን የሚከፍትለት መሆን የብቃቱ አካል ከሆነ ግን ውጤቱ አይበቃም። ያ ደግሞ አንድ ሰው ለብቻው የሚይዘው ችሎታ አይደለም፤ ተቋሙ በጠቅላላው የሚኖረው ወይም የማይኖረው ነገር ነው። የተዋጽኦ ጉዳይ ከሌሎች የቅጥር ጥያቄዎች የሚለየው በዚህ ይመስለኛል፣ ጸሐፊውም ያልነኩት ይህንኑ ነው።

በሕንድ የመንደር ምክር ቤቶች የታየውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በ1993 በሥራ ላይ የዋለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመንደር መሪነት ቦታ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲለይ አዘዘ። ተራው በዕጣ ስለሚደርስ ለተመራማሪ የተመቸ ሆነ። በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን ተጠንቶ በ2004 የታተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ሴት መሪ በደረሰቻቸው መንደሮች ሴቶቹ አጥብቀው ይጠይቁት የነበረው የመጠጥ ውኃ የበለጠ ተሠርቷል። በኋላ በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በምዕራብ ቤንጋል በተከታታይ ሴት መሪ ያዩ መንደሮች ኮታው ባልተለየበት ወንበር ላይም ሴት ወደ መምረጥ እንዳዘነበሉ አሳየ። ፈተና ላይ «ውኃ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» የሚል ጥያቄ የለም። ቢኖር ግን ማን የበለጠ ነጥብ እንደሚያመጣ አያከራክርም።

ጥራት ይወድቃል ለሚለው ሌሎች ማስረጃዎችም አሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አይጠቁሙም። የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቶች በ1993 የዕጩዎች ዝርዝራቸው ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ፣ ሴት እየተባለ እንዲደረደር ወሰኑ። በ2017 የታተመ ጥናት ፖለቲከኞቹን በዕድሜ፣ በትምህርትና በሙያ ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር በገቢ እያነጻጸረ ብቃታቸውን ለካ። ሴቶች በብዛት በገቡበት አካባቢ የወንዶቹ ብቃት ከፍ ብሎ ተገኘ። የወጡት መካከለኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ሌላ መካከለኛ እየጎተቱ የሚያስገቡ መሪዎች ነበሩበት። በሕንድ ባቡር መሥሪያ ቤት ከ1980 እስከ 2002 ያለውን የመረመረ ጥናትም በኮታ የገቡ ሠራተኞች መብዛት ምርታማነትን ዝቅ አድርጓል የሚል ማስረጃ አላገኘም። በኖርዌይ በ2003 የወጣው ሕግ የትልልቅ አክሲዮን ኩባንያዎች ቦርድ ቢያንስ 40 በመቶ ሴት እንዲሆን ሲያዝ፣ መጀመሪያ የተሠራ ጥናት የአክሲዮኖች ዋጋ ወረደ አለ፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ስሌቱን ተቃወሙ። የተሾሙት ሴቶች ከቀደሙት የተሻለ ብቃት ነበራቸው፤ ከቦርዱ በታች ላሉት ሴት ሠራተኞች ግን ሕጉ ያመጣው ለውጥ እምብዛም አልታየም። ስለዚህ ተዋጽኦ ሁልጊዜ ተአምር ይሠራል አልልም። «ሁልጊዜ ጥራትን ይገድላል» የሚለው ግን ከማስረጃ የመጣ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ስም የማያይ ፈተና። በከፊል እስማማለሁ ያልኩት በዚህ ነው። በ2004 የታተመው የታወቀ ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ወደ 5,000 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎችን ለቀጣሪዎች ልኮ ነበር። በወረቀቱ ላይ የተለወጠው ስም ብቻ ነው፤ የነጭ የሚመስል ስም የያዘው 50 በመቶ የበለጠ ጥሪ አገኘ። ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ስሙን እንሸፍን» ቢል ተፈጥሯዊ ነው፤ እኔም እንዲሁ አስብ ነበር።

ሆኖም በተሞከረበት ቦታ ሁሉ የተጠበቀው መጥቷል ማለት አይቻልም። ፈረንሳይ በ2009ና በ2010 ስም አልባ ማመልከቻን በሙከራ አየች። በፈቃዳቸው በሙከራው የገቡት ድርጅቶች ስሙ ሲሸፈን የስደተኛ ቤተሰብ ልጆችን ከበፊቱ ያነሰ ለቃለ መጠይቅ ጠሩ። አንዱ ማብራሪያ ፈቃደኞቹ ቀድሞውኑ ለእነዚህ ልጆች በጎ አመለካከት የነበራቸው ናቸው የሚል ነው። ሌላው የበለጠ ያሳስበኛል፦ አንባቢው ልጁ ከየት እንደተነሳ ካላወቀ፣ በሕይወት ታሪኩ ላይ ያለውን ክፍተት እንደ ስንፍና ያነበዋል። በአውስትራሊያም በ2017 ከ2,000 በላይ የመንግሥት ሠራተኞች በተሳተፉበት ሙከራ ስምና ጾታ ሲሸፈን ለቀጣዩ ዙር የሚታጩት ሴቶች ቀነሱ። መሸፈን ማዳላትን ያግዳል፤ ማገናዘብንም አብሮ ያግዳል። የትኛው እንደሚያመዝን እንደ መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ስም መሸፈንን የመጨረሻ መድኃኒት አድርገው ማቅረባቸው ቸኩለዋል ያሰኛል። ልብ ይበሉ፣ ለፈተና እርማት ስም መሸፈኑን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ለምልመላው በሙሉ ግን ዋስትና አይሆንም።

አራተኛው፣ ዓለም ትቶታል የሚለው። ማስረጃቸው አሜሪካ ናት። እውነት ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን የመቀበያ መለኪያ እንዳያደርጉ ከልክሏል፤ በጥር 2025 ደግሞ ፕሬዝዳንቱ ከ1965 ጀምሮ የነበረውን የፌዴራል ተቋራጮች የድጋፍ እርምጃ ትእዛዝ ሽረዋል። አሜሪካ ግን ዓለም አይደለችም። በዚያው በ2023 ብራዚል የ2012ቱን የዩኒቨርሲቲ ኮታ ሕጓን አሻሽላ አስቀጠለች፤ ያ ሕግ ከፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ቦታ ግማሹን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ሲለይ፣ በውስጡ ገቢንም ዘርንም ይመለከታል። ሕንድ በ2019 ኮታዋን አስፍታ ከነባሮቹ ተጠቃሚ ቡድኖች ውጪ ላሉ ድሆች 10 በመቶ ጨመረች።

የአሜሪካው ታሪክ ራሱ ጸሐፊው እንዳሉት ቀጥተኛ አይደለም። ካሊፎርኒያ በ1996 በሕዝብ ድምፅ ዘርን ከመቀበያ መለኪያ ካስወጣች በኋላ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዘርን ሳያዩ ተማሪ ለማሰባጠር ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ የፈለገውን ያህል እንዳልተሳካለት ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጽፏል። ቴክሳስ ሌላ መንገድ ያዘች፦ በ1997 በወጣ ሕግ ከየትኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከላይ 10 በመቶው ውስጥ የተመረቀ ተማሪ በስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦታ ያገኛል። ይህ ብቃት ነው ወይስ ተዋጽኦ? ልጁ በክፍሉ በልጦ ነው የገባው። በሌላ ትምህርት ቤት ከእሱ የተሻለ የፈተና ነጥብ ያለው ልጅ ግን ላይገባ ይችላል። ጸሐፊው ይህን ሕግ የት እንደሚመድቡት ብሰማ ደስ ይለኛል፤ በእሳቸው ሁለት መደብ ውስጥ ቦታ የለውማ።

ደግሞም ፍርድ ቤቱ ያልነካውን እንመልከት። የተመራቂ ልጅ፣ የለጋሽ ልጅ፣ የመምህር ልጅ እየተባለ የሚሰጠው ቅድሚያ በውሳኔው አልተከለከለም። ለውሳኔው ምክንያት በሆነው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ክስ የወጣው መረጃ ሲተነተን፣ ከገቡት ነጭ ተማሪዎች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከእነዚህ ወይም በስፖርት ከተመለመሉት አንዱ ነበሩ። በ2023 የወጣ ሰፊ ጥናትም በጣም ሀብታም ከሆነው 1 በመቶ ቤተሰብ የመጣ ልጅ ተመሳሳይ የፈተና ውጤት ካለው የመካከለኛ ገቢ ልጅ ይልቅ በታላላቆቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የመግባት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ብቃት የተጓደለበት ትልቁ በር ይህ ሆኖ ሳለ በጸሐፊው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንዲት መስመር አላገኘም። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት እንዲህ ነው።

የክብርን ነገር በአጭሩ። በተዋጽኦ የገባ ሰው «በኮታ ነው የገባው» ተብሎ ይጠረጠራል ይላሉ። ይጠረጠራል፤ ያማልም። የአያቱ ስም ያስገባው ተማሪ ግን አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አላየሁም። ጥርጣሬው የሚወድቀው በድጋፉ ላይ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም እኩል ይደርስ ነበር።

የልሂቃኑን ጉዳይ ወደ መጨረሻ ያስቀመጥኩት ጸሐፊው እዚህ ላይ ከማንም በላይ ትክክል ስለሆኑ ነው። የኮታ ጥቅም ሁልጊዜ ወደ ላይ የመንሳፈፍ ባሕርይ አለው። በቡድኑ ውስጥ ቀድሞ የተማረ፣ ቀድሞ ከተማ የገባ ቤተሰብ ልጅ ቀድሞ ይደርስበታል፤ ልጁም የልጅ ልጁም ይደግመዋል። ማሌዥያ ማላዮችንና ሌሎች ነባር ሕዝቦቿን ለመደገፍ በ1971 የጀመረችው ፖሊሲ በ1990 ግቡን መትቶ እንዲያበቃ ታስቦ ነበር፤ በሌላ ስም ቀጠለ፣ ከባለሥልጣን ጋር የተጠጉ ነጋዴዎች የተጠቀሙበት መሆኑም የዘወትር ቅሬታ ሆነ። በናይጄሪያ በ1979ኙ ሕገ መንግሥት የገባው የፌዴራል ተዋጽኦ መርህ አንድ ቡድን አገሪቱን እንዳይጠቀልል ታልሞ የተጻፈ ነው። በተግባር ግን ሰውን «የዚህ ግዛት ተወላጅ ነህ ወይስ መጤ» ወደሚል የወረቀት ጥያቄ አወረደው፤ ተወልዶ ባደገበት ከተማ ተወላጅ የሚል ማረጋገጫ የተነፈገ ዜጋ ከሥራም ከትምህርትም ይገፋል። አግላይነትን ሊያጠፋ የመጣ ሥርዓት አዲስ አግላይነት ወለደ። ይህን አይቶ «ተዋጽኦ ምንም ነውር የለበትም» የሚል ሰው ቢመጣ እኔም ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ።

ችግሩ ታውቆ የተሞከረ ነገር አለ ወይ ብለን ብንጠይቅ ግን አለ። በሕንድ ማንዳል የተባለው ኮሚሽን ኋላ ቀር ለተባሉ ቡድኖች ከመንግሥት ሥራ 27 በመቶው ይለይ ብሎ በ1980 ያቀረበው ምክር በ1990 ተግባራዊ ይሁን ሲባል፣ ተማሪዎች በተቃውሞ ራሳቸውን እስከማቃጠል ደርሰው ነበር። በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 27 በመቶውን ኮታ አጽንቶ ሁለት ገደቦች አበጀለት፦ የተለዩ ቦታዎች በድምሩ ከ50 በመቶ አይበልጡም፤ በእነዚህ ኋላ ቀር በተባሉ ቡድኖች ውስጥም ያደጉት፣ የተመቻቸው ቤተሰቦች ከተጠቃሚነት ይወጣሉ። ፍርድ ቤቱ በ2024 ደግሞ ክፍለ ግዛቶች በኮታው ውስጥ ይበልጥ የተረሱትን ለይተው ድርሻ እንዲሰጡ ፈቀደ። ፍጹም አይደለም፤ የገቢ ማስረጃ የሚያጭበረብርም አይጠፋም። የጸሐፊው ሕመም ግን እዚያ አገር ተመርምሮ መድኃኒት ታዞለታል። እሳቸው ያዘዙት በሽተኛውን መቅበር ነው።

ጽሑፋቸውን የሚዘጉት በፈታኝ ጥያቄ ነው፦ ተዋጽኦ መቼ ነው የሚያበቃው? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከደጋፊዎቹ ብዙዎቹ መልስ የላቸውም። በ1950 የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት በምክር ቤት የተለዩትን ወንበሮች ለ10 ዓመት ብቻ ብሎ ነበር፤ በየአሥር ዓመቱ እየተራዘመ እነሆ እስከ 2030 ደርሷል። ፖለቲከኛ በራሱ ፈቃድ ኮታ አይሰርዝም። ስለዚህ በሕጉ ላይ ማብቂያ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ማራዘሚያውን አስቸጋሪ ማድረግ ያስፈልጋል። ከሰሜን አየርላንድ የምወስደው ይህን ነው፦ የማለፊያ ነጥብ የማይነካበት፣ በአጭር ጊዜ ራሱ የሚወድቅ፣ ልታድሰው ስትፈልግ ምክንያትህን በአደባባይ የምታስረዳበት።

ያው ጥያቄ ለፈተናውም ይቅረብለት። ጸሐፊው ለመንግሥት ሥራ ሁሉ አንድ ወጥ ፈተና ይሁን ብለዋል። በዚያ ፈተና ላይ ጥሩ ነጥብ ያመጣው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ በሥራው ላይ ከሌላው በልጦ መገኘቱን ማን ይከታተላል? በስንት ቦታ ይሰጣል፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለተፈታኙ ምን ያህል ወጪ ያስወጣል? አንድ አካባቢ በሙሉ ቢወድቅ፣ እንደ 1397ቱ መርማሪዎች «እርማቱ ትክክል ነው» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን ወይስ ትምህርት ቤቶቹን ለማየት ሰው እንልካለን? ፈተናው በየስንት ጊዜው ይከለሳል፣ ከከላሾቹስ መካከል እነማን ይኖራሉ? ለእነዚህ መልስ የያዘ ረቂቅ ካቀረቡ ድጋፌን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።